የቅዳሜ መርፌ

ብርቅዬ ግትር ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ደግነቷን ብቻ እያነሡ አብሯት የሠራ ሰው ምን እንዳየ ስለማይጠይቁ ነው። እኔ ቢሆነኝ እባላለሁ። ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ እሷ በሥሬ ቁስል የምታሽግ ድሬሰር ነበረች። በሥሬ ነበረች የምለው ለወጉ ያህል ነው። ደመወዝ ሲመጣ በሥሬ ናት፤ ትእዛዝ ስሰጥ ግን የለችም።

አባቷ የላስታ ገበሬ ነበሩ፤ እናቷ ከዋግ የመጡ አገው። አባቷ በአማርኛ ሲቆጧት እናቷ በአገውኛ እያባበሏት አደገች። የኛ ክሊኒክ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው። ከዋግ በኩል የሚመጡት፣ ወይም ወዲህ ተድረው የቀሩት ሴቶች አማርኛ ያውቃሉ። ይገበያዩበታል፣ ዳኛ ፊት ይሟገቱበታል፣ ከፈለጉም ይሳደቡበታል። ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ግን በአገውኛ ነው የሚያወጡት፤ እኔ ደግሞ ከአገውኛ «ና» እና «ሂድ» ከማለት በቀር አላውቅም።

በሽተኛ ሲመጣ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የተማርኩት እንደዚያ ነው። «ልቤን» ይሉኛል። ያፍነኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም፣ ሰው ስም ሲጠራ እደነግጣለሁ። ማዳመጫዬን ደረታቸው ላይ አድርጌ እሰማለሁ፤ ልቡ ደህና ይመታል። ቫይታሚን ሰጥቼ እሸኛለሁ፤ በሳምንቱ ያው ሰው ያንኑ ልቡን ይዞ ይመለሳል።

ብርቅዬ እነዚህን ሰዎች ከደጅ ነበር የምትቀበላቸው። እነሱን አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጥና ራሷ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለቁስል ማጽጃ የሚሆን ጥጥ ትጠቀልላለች። ፊታቸውን አታይም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ አማት ትጠይቃለች። ሰውየው በየትኛው ቋንቋ እንደሚተነፍስ ታዳምጥና በዚያው ትቀጥላለች። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይወስድባታል፤ እኔ በዚህ በኩል በቁስለኛና በተቅማጥ ተጨናንቄ «ብርቅዬ!» እያልኩ እጮሃለሁ። «መጣሁ» ትላለች፤ አትመጣም። ዛሬ ይህ ሥራ ስም አለው አሉ፣ ትምህርት ቤትም ገብተው ይማሩታል። ያኔ እኔ ወሬ ነበር የምለው።

ሰባ ዓመተ ምሕረት ክፉ ዓመት ነበር። በየከተማው ተማሪው ይታሰር፣ ይገደል ነበር። የተገደለው ልጅ ፀረ አብዮት ይባላል፤ ለፀረ አብዮት ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። ከአሸተን ማርያም በታች ባለው ተረተር ላይ ሸጌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። በልጅነቷ ከዋግ መጥታ የተዳረች ናት። አንድ ልጇ አረጋ ወልዲያ ይማር ነበር። ያንን ልጅ ለማስተማር ሁለት በሬዎቿን ሸጣ መሬቷን በእኩል አሳርሳለች። አንድ ቀን ከወልዲያ የመጣ ሰው ልጁ መገደሉን፣ ሬሳውም የት እንደተጣለ እንደማይታወቅ ተናገረ።

ሐዘን የደረሰበትን ቤት ጎረቤት ይሞላዋል እንጂ ባዶውን አይተወውም። ሸጌ ቤት ግን ቀድሞ የደረሰው የቀበሌው ሊቀ መንበር ሀብተ ሥላሴ ነበር። «ድንኳን የለም፣ ጩኸት የለም፣ ፀጉር መላጨት የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም» አላት። «ለቅሶ የሚደርስም ካለ አብሮ ይጠየቃል።» ይህ ሰው አብዮቱ ሳይመጣ ዲያቆን ነበር። የስንቱን ሰው ፍትሐት በዚያ ጥሩ ድምፁ አዚሟል፤ የሸጌን ባልም ጭምር። ሸጌ መጥረጊያዋን አንሥታ ቤቷን መጥረግ ጀመረች።

ወደ ክሊኒክ ያመጣቻት ጎረቤቷ አሰለች ናት። ደግፋ አስገባቻትና በረንዳው ላይ አስቀመጠቻት። የሸጌ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ የሚያየው ግን እኛን አልነበረም።

«እህል ከቀመሰች ሰነበተች» አለች አሰለች። «ሌት ተቀን ቤት ትጠርጋለች። የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። ምነው ጌታዬ፣ አብዳብኝ ይሆን እንዴ?»

«አላበዱም» አለች ብርቅዬ፣ ገና ሳታናግራት። «ይግቡ እትዬ ሸጌ።»

ይህንን እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም፤ አላወቀችም ይሆናል፣ ግትር ስለሆነች ብቻ ብላው ይሆናል። ወስዳ መርፌ የምንወጋበት ክፍል አስቀመጠቻትና ጥጧን እየጠቀለለች በአገውኛ ታናግራት ጀመር። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ሆኜ አንድ ሕፃን ፔኒሲሊን ልወጋ እየተሰናዳሁ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር አያቸዋለሁ። የሸጌ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ፣ አፏ ሲከፈት አየሁ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና መልሳ ዘጋችው። ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሞላ የሚባለው የአብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀምጧል።

በዚያው ቅጽበት ሕፃኑን ወጋሁት። ጣራው እስኪነሣ ጮኸ። ብርቅዬ ቀና ብላ ሞላን አየችው። ሞላ አንገቱን እንኳ አላዞረም፤ ከክሊኒክ የሚወጣ ጩኸት ምን ይደንቃል? ተነሥታ መጣችና ከተቀቀሉት መርፌዎች አንዱን አነሣች። ለፔኒሲሊን መበጥበጫ ከሚላክልን ንጹሕ ውሃ አንድ ብልቃጥ ሰብራ ሳበችና ምንም ሳትለኝ ተመለሰች።

ቀጥሎ የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። ሸጌን «መርፌውን ይዤ እቆማለሁ፣ እርስዎ እንደተወጋ ሰው ይጩሁ» ትላታለች። ሸጌ እምቢ አለች። «ሳልወጋ?» አለቻት። «ሳያመኝ ተወጋሁ ብዬ አልጮህም፤ ውሸት ነው።» እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ልጇ ተገድሎ፣ ራሷም ልትሞት ትንሽ ቀርቷት፣ መርፌ ሳልወጋ ማልቀስ ውሸት ነው የምትል ሴት! ብርቅዬ ግን አልሳቀችም፤ ክንዷን ጠርጋ ወጋቻት።

የመጀመሪያው ጩኸት የመርፌው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የመርፌ አልነበረም። በአገውኛ ነው፤ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ነገር ግን የያዝኩትን ብልቃጥ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስትጮህ ቆይታ፣ ድምጿ ተዘግቶ፣ ውሃ ስጡኝ አለች። አሰለች በመቀነቷ ቋጥራ ያመጣችውን ቆሎ ሰጠቻት፤ አንድ በአንድ እየቆረጠመች በላች። ሞላ ማዶ እንደ ተቀመጠ ነበር።

ማታ ዕቃ ስናጥብ ተቆጣሁ። የመንግሥት መድኃኒት በሌለ በሽታ ላይ እያፈሰስሽ ነው፣ ብንያዝ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፣ አልኳት።

«ጋሽ ቢሆነኝ፣ እርስዎ ቫይታሚን ሲሰጧቸው ምን እየሰጧቸው ነው?» አለችኝ።

ክፋቷ ይህ ነው፤ ሰውን የምትመታው የት ጋ እንደሆነ ታውቃለች።

ሸጌ ለማንም አልተናገረችም፤ አሰለች ግን ተናገረች። በተከታዩ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ሌላ እናት መጣች። ከዚያ ሦስት ሆኑ፣ ከዚያ በረንዳው ሞላ። የተገደለው ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ወንድም ነበር፣ ባል ነበር፣ ታስሮ ወሬው የጠፋም ነበር። ኸዲጃ የምትባል ነጋዴ ከጋሸና ድረስ መጣች። ወንድሟ ነው የሞተው። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ በእኛ ዘንድ ሐራም ነው አለችና ቀስ ብላ ዱዓዋን አደረገች። መርፌውን ግን ተወግታ ነው የሄደችው።

ብርቅዬ ከእያንዳንዷ ጋር ትቀመጣለች። የአማርኛውን በአማርኛ፣ የአገውኛውን በአገውኛ ትቀበላለች። ማስለቀስ ብቻ አልነበረም ሥራዋ። ካለቀሱ በኋላ ልጁ ምን ይወድ እንደነበር፣ የማን መልክ እንደነበረው ትጠይቃቸዋለች፤ እነሱም ይነግሯታል፤ አንዳንዴ በመካከል ሲስቁ እሰማ ነበር። የተወጉት በረንዳው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው። «እግዜር ያጽናሽ» ማለት አይችሉም። ለበሽተኛ የሚባለውን «እግዜር ይማርሽ» ይባባላሉ። አንዳንዴ ብርቅዬ ሁሉም ከሄዱ በኋላ በርጩማዋ ላይ እንደ ተቀመጠች ትቀራለች፤ ስጠራት አትሰማኝም። ያን ጊዜ አሳዘነችኝ። ማን ይጠይቃት ነበር? እኔ አልችልበትም፤ ሻይ አፍልቼ አጠገቧ አስቀምጬ እወጣለሁ።

ይህ እንዲሁ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ያበላሸው ጥጥ ነው።

የኛ አገር ሰው ሐዘኑ ካልታየለት ያዘነ አይመስለውም። ጥቁር ይለብሳል፣ ፀጉሩን ይላጫል፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ያጣፋል፤ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው አይቶ ዝም ብሎ አንገቱን ይደፋለታል። ይህ ሁሉ ሲከለከል ሴቶቹ የቀራቸው ብርቅዬ ከመርፌው በኋላ ክንዳቸው ላይ የምታስይዛቸው ጥጥ ብቻ ነበር። አላወለቁትም። ፕላስተሩ ሲለቅ በክር አሰሩት፤ ክሩንም ጥቁር አደረጉት። ብርቅዬ ለመነቻቸው። «እናቶቼ፣ ማታውኑ ጣሉት፣ ታስጨርሱናላችሁ» አለች። እሺ ይሏታል። በሳምንቱ ግን ያው ጥጥ አመድ መስሎ ክንዳቸው ላይ ነው። «አርባው ሳይወጣ እንዴት ብዬ?» አለቻት አንዷ፣ እንደ ነውር ነገር ቆጥራው።

ገበያው ገባው። ጥጥ ያሰረች ሴት እህል ስትሸምት ነጋዴው ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ይጨምርላታል፤ ባለ በቅሎው መንገድ ይለቅላታል። ወሬ አልተወራም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ሞኝ አይደለም።

ከሞላ ጋር ሆኖ ክሊኒኩ መጣ። «ይህን ሁሉ ሴት ምን በሽታ ነው የያዘው?» አለ።

«የልብ በሽታ» አለች ብርቅዬ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«በአገውኛ የሚጮኹት ምን እያሉ ነው?»

«ያቃጥላል ነው የሚሉት ጓድ ሊቀ መንበር። መርፌው ያቃጥላል።»

ያን ያህል ፍትሐት ያዜመ ሰው ለቅሶን ከጩኸት መለየት አይሳነውም። ለምን ያኔውኑ አላሰረንም? አስቤበታለሁ። በቀበሌው፣ በአፍንጫው ሥር፣ ሴቶች ለፀረ አብዮት ሲያለቅሱ መክረማቸው አውራጃ ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩን በጸጥታ ሊያዳፍነው ፈለገ። ሞላ ከዛሬ ጀምሮ መርፌ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ፣ በሩም እንዳይዘጋ አዘዘ። «አንድ ድምፅ ከሰማሁ የምትወጋውም የምታስወጋውም ይታሰራሉ» ብሎ ሄደ።

«ገላገለን፣ አሁንስ ታቆሚያለሽ አይደል?» አልኳት ብርቅዬን። ቅዳሜ የአረጋ አርባ ነው፣ እትዬ ሸጌ ይመጣሉ፣ አለችኝ። ነይልኝ የሚል መልእክት እንዳትልኪ አልኳት። አልልክም፣ ግን ይመጣሉ አለች። ተጨቃጨቅን። አርባው ሳይለቀስለት ከቀረ ልጃቸው ሜዳ ላይ እንደ ወደቀ የሚቀር ነው የሚመስላቸው፤ እንደገና መጥረጊያቸውን ያነሣሉ፣ ያን ጊዜ ደግሞ አይመለሱም፣ አለችኝ። ይህን ስትናገር የጠቀለለችውን ጥጥ መልሳ ትፈታ ነበር። እንደፈራች ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሴቶቹ ሞላን ውስጥ ሲያዩት አንድ በአንድ ወደ ገበያው አለፉ። ሸጌ አላለፈችም። ልብሷን አጥባ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ሞላን «እንዴት አደርክ» ብላው ገባችና ክንዷን አወጣች።

ብርቅዬ መርፌውን አላነሣችም። የአስፕሪኑን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረደች። አንድ ክኒን አውጥታ ከፍ አድርጋ እያሳየቻት በአገውኛ መናገር ጀመረች፤ ዘወትር ክኒን ስትሰጥ በምትናገርበት በዚያ በደረቀ፣ በታከተው ድምፅ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በባዶ ሆድ አይደለም፤ የሚመስለው ይህንን ነው። ሸጌ አንገቷን እየነቀነቀች በየመሐሉ «እሺ» ትላለች።

እኔም ክኒን ነው ብዬ ነበር። ኋላ ግን ረዘመ። ቀጥሎ በዚያ በደረቀው ንግግር መሐል «አረጋ» የሚል ስም ሰማሁና ሞላን ዞሬ አየሁት። እያወጣችለት ነበር። ሙሾውን፣ ያለ ዜማ፣ ያለ ዕንባ፣ በክኒን ድምፅ። በኋላ እንደ ነገረችኝ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ጠርታለታለች። አረማመዱን፣ ወልዲያ ሲሄድ የለበሰውን ጋቢ፣ እናቱን ዞር ብሎ ያየበትን ቦታ ነግራለታለች። አልጋ ላይ አለመሞቱን፣ ሰው አለመሸኘቱን ተናግራለት፣ እንግዲህ እኛ ሸኝተንሃል፣ አፈሩ ይቅለልህ፣ ብላለታለች። ሸጌ እሺ አለች። እንደገና እሺ አለች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

ሞላስ? ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ስም ነው። ሰምቷል፤ እስከ ዛሬ እምልበታለሁ። ጠመንጃውን ከአንድ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወረና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ።

ሲያበቁ ሸጌ ተነሥታ የብርቅዬን ትከሻ ሳመች። ክኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወጣች። እኔም «አለፈልን» አልኩ። በረንዳው ላይ ግን ሀብተ ሥላሴ ቆሞ ነበር። መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል፤ ድንች የጫኑ፣ በግ የሚነዱ፣ ዘንቢል ያዘሉ።

«ምን መድኃኒት ሰጠችሽ?» አላት።

መልሱ ቀላል ነበር። አስፕሪን። ቋጠሮዋ ውስጥ አለ፤ ብታሳየው በቃ። ሸጌ ቆም ብላ አየችውና በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ፣ «ልጄን ቀበርን» አለችው። «አርባውን አወጣን። ተመስገን።»

በአቅራቢያው ያለው ገበያተኛ ሁሉ ቀጥ አለ። ሀብተ ሥላሴ ፊቱ ተለዋወጠ። ማንም ባይሰማ ኖሮ ያልፈው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ግን ስንት ሰው ሰምቷል። ወደ እኛ ዞረ። ብርቅዬ በሩ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ ቆመናል።

«ይህች ሴት አብዳለች?» አለ።

ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር የሚመስለው። የማምለጫ በር ከፍቶልናል። አብዳለች ከተባለ ያበደ ሰው ቃል ቃል አይደለም፤ እሷም አትታሰር፣ እኛም አንታሰር፣ እሱም አይጠየቅ። ቶሎ ብዬ «አዎ ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ። «አእምሮዋን ከነካት ሰንብቷል። እናውቃለን።» ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። ሰው ለማዳን የተነገረ ነው፣ አላፍርበትም።

ሀብተ ሥላሴ ግን ዓይኑን ከብርቅዬ ላይ አላነሣም። «አንቺ ተናገሪ» አላት። «ቋንቋዋን የምታውቂ፣ የምታክሚያት አንቺ ነሽ። አብዳለች ካልሽ አብዳለች።»

ሸጌ ዞራ ብርቅዬን አየቻት። አልለመነቻትም፣ አላስፈራራቻትም፤ ሐኪሟ የምትለውን ለመስማት ብቻ ነው የቆመችው። በእኛ አገር አብዷል የተባለ ሰው እግሩ በእግር ብረት ይታሰራል፣ መሬቱን ዘመድ ይወስድለታል፣ ሲያለቅስ ልጆች ይሥቁበታል። ያለቀሰለትም ልጅ እንዳልተለቀሰለት ይቆጠራል። ግን ይኖራል! ሠርቶም ባይሆን ለምኖ ይኖራል። እኔ በልቤ በይ፣ በይ፣ በይ እላለሁ።

«አላበዱም» አለች ብርቅዬ። «እዚህ ከቆምነው ሁሉ ደህና እሳቸው ናቸው። የነገሩዎት እውነት ነው። አብረን ቀብረነዋል።»

ሀብተ ሥላሴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሞላን ጠርቶ እሰራቸው አለው።

ብርቅዬንና ሸጌን በጭነት መኪና በጋሸና በኩል ወሰዷቸው። እኔ ለሳምንት ታስሬ፣ አላውቅም አልሰማሁም ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ሴቶቹ ደግሞ መጡ። በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩና እኔን ሲያገኙ ተመለሱ። ልቤን ያመኛል የምትል ስትመጣ እንደ ድሮዬ ቫይታሚን እሰጣታለሁ። በብርቅዬ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩ አንድ ቀን፤ አንዷን ስለ ላሟ ጠየቅኋት፤ ሴትዮዋ ላም የለኝም አለችኝና ቫይታሚኗን ተቀብላ ሄደች።

ብርቅዬ የተመለሰችው ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፣ የፊት ጥርሷ የለም። አገውኛ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶብኛል ብዬ አውራጃ ድረስ ተመላልሼ ሥራዋን አስመለስኩላት። ሀብተ ሥላሴ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ስለ እስር ቤቱ አላወራችኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። ተስቦ ገብቶ ሸጌ በመጀመሪያው ክረምት ሞታለች። ብርቅዬ የሸጌን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛት ነበር፤ እስከ መጨረሻው የሸጌ አእምሮ ደህና ነበር።

እኔ ያንን ሁለት ዓመት ሙሉ ስከራከራት ነው የኖርኩት። ዕቃ ሳጥብ፣ መንገድ ስሄድ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ። እሷ ምን እንደምትል፣ እኔ ምን እንደምመልስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እውነት ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል ልላት ነው። ሐኪም የመጣውን ሰው ማኖር ነው ሥራው ልላት ነው። እና አንድ ቀን መርፌዎቹን ስትቀቅል አጠገቧ ቆሜ ተናገርኩት።

«ብርቅዬ፣ ያን ቀን አብዳለች ብትዪ ኖሮ ሸጌ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን ከእንፋሎቱ አወጣችና በጋዋኗ ጠረገች።

«አዎ፣ ይኖሩ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ መርፌዎቹን ወደ መቀቀሏ ተመለሰች። እኔም ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ሻይ አፈላሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።